የጢም ምላጭ አያያዝ፣ እና አንድ አመት ሙሉ የረሳሁት ሌላኛው እጄ

አምና ጥር ላይ ሸኖ የጓደኛዬ ሰርግ ነበር፣ ሚዜ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን በሌሊት መውጣት ስላለብን 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ብርዱ እየጋረፈኝ በአጎቴ ምላጭ ጢሜን መላጨት ጀመርኩ። አገጬ ላይ ሁለት ቦታ፣ ግራ ጆሮዬ ስር ደሞ አንድ ቦታ ቆረጥኩት። ሶፍት ቀድጄ ለጣጥፌ ነጭ ሸሚዜን ለበስኩና ወጣን፣ ሸኖ ስንደርስ ኮሌታዬ ላይ ደም ጠብ ብሏል፣ የሙሽራዋ ቤት በር ላይ "አናስገባም ሰርገኛ" እየተባለ ግፊያው ደምቆ እያለ አንዷ እትዬ ቀና ብለው አይተውኝ "ውይ፣ ይሄ ልጅ ደሞ ከማን ጋር ተቧጭሮ ነው የመጣው!" አሉ። ጓደኞቼ እስከዛሬ ይቀልዱብኛል። ሶፍቱ ፎቶው ላይም አለ።

ይሄን የምጽፈው በዛ በሚታጠፈው፣ በድሮው ረጅም ምላጭ ራሳችሁን ለመላጨት እየሞከራችሁ እጃችሁ አልታዘዝ ላላችሁ ነው። እኔ ላይ አንድ አመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ፈጅቷል፣ ከገባኝ በኋላ ግን ነገሩ እንደዛ ቀላል ሆኖ ሳገኘው ተናደድኩ።

እንዴት እንደገባሁበት ባጭሩ። ጢሜ ጥቅልል ነው፣ አንገቴ ደሞ ቶሎ ይቆጣል። እነዛ ባለሶስት ባለአምስት ስለት የሚጣሉ መላጫዎች ላይ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገውና ተከታዩ ከቆዳው ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ፀጉር ሲያድግ ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ነው፣ ጥቅልል ከሆነ ደሞ ተጠምዝዞ መልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ብዙዎቻችን አንገታችን ላይ የምናውቀው ጥቁር ጥቁር እብጠት ያ ነው። በቶንዶስ ብቻ መከርከም ይሻላል፣ ግን እኔ ሁሌ ያልተላጨሁ ነው የምመስለው። አንድ ስለት ብቻ ያለው ነገር ይሻላል ሲሉኝ የአጎቴ ምላጭ ትዝ አለኝ።

አጎቴ፣ ጋሽዬ ነው የምለው፣ መዘዞ ነው የሚኖረው፣ በደጉ ጊዜ የኤንትሬ፣ የዛ የድሮው ፊያት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ አዲስ አበባ ደሴ አሰብ እያለ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት እሱ ነው የሚያውቀው። ምላጩን አሰብ ነው የገዛው። ጥቁር እጀታ ያለው፣ አንገቱ ላይ "ዞሊንገን" የሚል የተቀረጸበት፣ ዞሊንገን ማለት ቢላና ምላጭ በመስራት ስሙ የገነነ የጀርመን ከተማ ነው። ስለቱ 16 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ በነሱ አጠራር 5/8 ኢንች የሚባለው፣ ለጀማሪም የሚመከረው እሱ መጠን ነው። ጋሽዬ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ "ውሰደው፣ እኔን ሳይገድለኝ" ብሎ ሰጠኝ።

በመጀመሪያ የሰራሁትን ጅልነት ልናገርና እንለፍ። ደንዞ ስለነበር ገበያ ላይ ቢላ በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስል ሰው ሰጠሁት፣ ብልጭታው እየተንቦገቦገ ስለቱን ሸራርፎ ሰጠኝ። የሰውየው ጥፋት አይደለም፣ እሱ የሽንኩርት ቢላ ነው የሚያውቀው። ምላጭ በሚሽከረከር ነገር አይሳልም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጀርባውም ስለቱም እኩል ተኝተው በውሃ ነው የሚሳለው፣ እኔ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጠብቄ 1000 እና 8000 ቁጥር ያለው ባለሁለት ፊት ድንጋይ አስመጣሁ፣ ሸርፉን ለማጥፋት ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ድንጋይ ማምጣት የሚከብዳችሁ ፀጉር ቤቶቹ የሚጠቀሙበትን፣ ተራ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የሚገባበትን መያዣ ግዙ፣ አያያዙ አንድ አይነት ነው። ልዩነቱ እሱ ቀለል ስለሚል እጅ ይጫነዋል፣ አዲስ ምላጭ ደሞ ይቅርታ የለውም፣ ስለዚህ እዛ ላይ ከተማራችሁ ትልቁ አይከብዳችሁም።

አሁን ወደ አያያዙ። ምላጩን ስትከፍቱት ስለቱ ካለበት ክፍል እና ከእጀታው መሀል ስለት የሌለው ቀጭን ብረት አለ፣ እኔ አንገቱ እለዋለሁ። ከአንገቱ ጫፍ ደሞ ወደ ላይ ቆልመም ያለች ጅራት አለች። አውራ ጣት ከአንገቱ ስር ይደገፋል፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት አንገቱ ላይ ከላይ ይደረደራሉ፣ ትንሿ ጣት ጅራቷ ላይ ታርፋለች። እጀታው ወደ ላይ ተከፍቶ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መሀል ይወጣል። እጀታ የተባለውን ነገር እንደ ቢላ እጀታ ጨብጣችሁ እንዳትላጩ፣ ስሙ ነው እንጂ እጀታው የሚያዝ አይደለም፣ ሲታጠፍ የስለቱ አፎት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ማጭድ ጨብጬ ነበር የምላጨው፣ መታጠፊያው ላይ ይወዛወዛል፣ ስለቱ የት እንዳለ እጃችሁ አያውቅም።

ይሄን ካስተካከልኩ በኋላም ግን ያው ነው፣ ይቧጭረኛል፣ ይዘላል፣ ፀጉር ይተዋል። ቪዲዮ አያለሁ፣ ሰውየው እንደ ቅቤ ያንሸራትተዋል፣ እኔ ጣቶቼን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ፣ ትንሿን ጣት ከጅራቷ አንስቼ መልሼ፣ ምን ያልሞከርኩት አለ። አንድ ነገር ደሞ ልጨምር፣ እኔ ስፈጠር ግራኝ ነኝ። ሶስተኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን በግራ ስጽፍ ባየኝ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ እየመታኝ ወደ ቀኝ አዞረኝ፣ እስከዛሬ የምጽፈው በቀኝ፣ ድንጋይ የምወረውረው በግራ ነው። ስለዚህ ችግሬ የእጅ ምርጫ መስሎኝ አንድ ወር በግራ አንድ ወር በቀኝ እያልኩ ስገላበጥ ከረምኩ። ሸኖ የሄድኩት በግራው ወር ላይ ነው።

ከሰርጉ በኋላ አፍሬ ጠባሴ አካባቢ ያለ አንድ የቆየ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ዛሬም በምላጭ ነው ዳር ዳሩን የሚያወጡት፣ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ፊቱ ላይ ይፈቱለታል። እውነቱን ለመናገር ለመላጨት አይደለም የሄድኩት፣ እጃቸውን ለማየት ነው።

"ጋሼ፣ እንዴት እንደሚይዙት ያሳዩኛል?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ምላጩን።"

እጄን ያዙና ምላጭ የሌለበትን መያዣ ሰጡኝ፣ ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ። ጣቴ ጫፉ ነጭ ሆኗል ከመጨበጤ ብዛት። ሳቁ። "አንተ፣ እናትህ እንዝርት ስታሾር አይተህ አታውቅም? እንደዚህ ጨምድዳ ነው የምታሾረው?" አሉኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው፣ መያዣው ሊወድቅ ነው ብዬ እስክፈራ ድረስ። "አሁን ተሽሏል" አሉ። ከዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና በመስታወት እያየኋቸው ጀመሩ፣ እኔ ቀኝ እጃቸው ላይ አፍጥጫለሁ፣ እሳቸው ደሞ ድንገት ቆም ብለው "የቱን ነው የምታየው?" አሉኝ።

"ምላጩን ነዋ።"

"ምላጩማ ምን አለበት፣ ራሱ ይሄዳል። ያልተወጠረ ቆዳ እንኳን ምላጭ ሊሄድበት ከበሮም አይሆን።"

ያኔ ነው ግራ እጃቸውን ያየሁት። አንዲት ደቂቃ አያርፍም እኮ። ምላጩ ከመንካቱ በፊት ሁለት ጣት ከላይ ይቀድማል፣ ቆዳውን ሳብ፣ ምላጩ ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ብቻ ይሄዳል፣ ይነሳል፣ ጣቶቹ ቦታ ይቀይራሉ፣ ደሞ ሳብ። ቀኝ እጃቸው ከሰራው እጥፍ ነው የሰራው።

ወደ ቤት ስመለስ ትዝ ያለኝ ምን መሰላችሁ፣ አያቴ። መዘዞ ልጅ እያለን ክረምት ሊገባ ሲል ሁላችንንም በተራ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ፀጉራችንን ትላጨን ነበር፣ ቁንጮ ብቻ ትታ። እጀታ የለ ምን የለ፣ ባዶ ምላጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ የተበጠበጠ ሳሙና አረፋ፣ የቀዘቀዘ ውሃ። "ተው እረፍ፣ አቀርቅር!" ትላለች። እኔ ከዛ ሁሉ ትዝ የሚለኝ ምላጩ አይደለም፣ ግራ እጇ ነው፣ ግንባሬን ወደ ኋላ ከመጎተቷ የተነሳ ቅንድቤ ወጥቶ አይኔ አይከደንም ነበር። ስድስት ልጅ በአንድ ምላጭ ላጭታ አንድም ቀን ቆርጣን አታውቅም (በአንድ ምላጭ ስድስት ልጅ ዛሬ አይደረግም፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ)። መልሱ ሰላሳ አመት ሙሉ ግንባሬ ላይ ነበር ማለት ነው።

እና የምላችሁ፣ አያያዝ አስቸገረኝ የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ ባዶውን እጃችሁን እዩት። ቆዳው ላላ ካለ ምላጩ ፊት እንደ ማዕበል እየተጠቀለለ ይመጣል፣ ያን ጊዜ እጃችሁ ሳታውቁት ይጫናል፣ ሲጫን ጣት ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ አንግሉ ይጠፋል። ቆዳው ሲወጠር ግን ጭብጡ በራሱ ይላላል፣ እኔ ላይ እንደዛ ነው የሆነው፣ አያያዙን ምንም ሳልቀይር በሶስት ቀን ልዩነቱን አየሁት።

አንግሉን በተመለከተ 30 ዲግሪ ገደማ ይባላል፣ ግን ፊት ላይ ፕሮትራክተር የሚይዝ የለም። እኔ የማደርገው፣ ምላጩን ጉንጬ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኛዋለሁ፣ ከዛ ጀርባውን የራሱን ውፍረት አንድ ወይ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ብድግ። ከዛ በላይ ካነሳችሁት መፋቅ ይሆናል፣ ቆዳውን ልጦ ነው የሚሄደው፣ በጣም ካስተኛችሁት ደሞ ፀጉሩን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። ድምፁ ይነግራችኋል፣ ሲስተካከል ደረቅ ወረቀት በቀስታ እንደመቅደድ የሚል ድምፅ አለው። እና ምላጩ ሁሌ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ወደ ጎን በስለቱ ርዝመት ትንሽ እንኳን ሸርተት ካለ ቢላ ነው፣ የጆሮዬ ስር ጠባሳ ከዛ ነው የመጣው።

አሁን ቦታ በቦታ ልሂድ፣ ሁሉም ቦታ እኩል ስላልሆነ ዝም ብዬ የማልፈው አለ።

ጉንጭ ቀላል ነው። ቀኝ ጉንጭ በቀኝ እጅ፣ ግራ እጃችሁ በራሳችሁ ላይ ዞሮ ከጆሮ ፊት ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ይስባል፣ ምላጩ ቁልቁል። ግራ ጉንጭ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምላጩን ወደ ግራ እጅ መቀየር ነው፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ያ በማስመሪያ የደበደበኝ መምህር ሳያውቀው ጠቅሞኛል፣ ሁለቱም እጄ እኩል ግማሽ ግማሽ ያውቃል። ሁለተኛው ቀኝ እጅን በፊት ለፊት አሻግሮ መላጨት ነው፣ ያኔ ክንዳችሁ መስታወቱን ይጋርዳል፣ አንጓችሁም ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ብዙ ሰው ግን በዚሁ ነው የሚላጨው፣ ችግር የለውም። ደካማ እጃችሁን ማለማመድ ከፈለጋችሁ ስለት በሌለው ነገር ጀምሩ፣ እኔ በማበጠሪያ ጀርባ አረፋ ብቻ እየጠረግኩ ነው የተለማመድኩት፣ ሚስቴ አብዷል ብላ ነበር።

አንገት ላይ ነው ሰው የሚያልቀው። መጀመሪያ የፀጉራችሁን አቅጣጫ እወቁ፣ ሁለት ቀን ሳትላጩ ቆይታችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት፣ የሚለሰልስበት ወደተኛበት ነው፣ የሚሻክረው ተቃራኒው ነው። የኔ ከቀኝ በኩል ቁልቁል ነው፣ ከግራ በኩል ግን ከታች ወደ ላይና ወደ ጆሮ ነው የሚያድገው፣ ይሄን ሳላውቅ ስንት ወር ተቃርኜው ቁልቁል ስላጨው ነበር፣ እብጠቱ ሁሌ ግራ በኩል የሚብሰው ለካ ለዚህ ነው። የፀጉሩ መንገድ ሽቅብ ከሆነ ምላጩም ሽቅብ መሄድ አለበት፣ እዚህ ላይ አያያዙ ይገለበጣል፦ ስለቱ ወደ ላይ እንዲያይ አንጓችሁን ታዞሩታላችሁ፣ እጀታው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አንገቱን በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ጫፍ ብቻ ትይዙታላችሁ፣ ትንሿ ጣት ስራ ትፈታለች። ሲታይ የሚያስፈራ ነው ግን ምላጩ ሲገለበጥ ክብደቱ ስለማይጫን እንዲያውም ለስለስ ይላል። ባዶው እጅ ከአንገት ግርጌ፣ ከደረት አካባቢ ቆዳውን ወደ ታች ይስባል። አንገታችሁን ደሞ እንደ ፍየል አታንጋጥጡ፣ በጣም ካንጋጠጣችሁት ጅማቱ ይወጣና መሬቱ ወጣ ገባ ይሆናል፣ ትንሽ ቀና ማለት ይበቃል።

ማንቁርት ላይ፣ ያቺ ወጣ ያለችዋ ጉብታ ላይ በጭራሽ አትላጩ። ቆዳውን በጣታችሁ ወደ ጎን ጎትታችሁ ከጉብታው አውርዱት፣ ለጥ ያለው ቦታ ላይ ላጩት፣ ከዛ በሌላው ጎን ድገሙት። ይሄን ያሳዩኝ የጠባሴው ሰውዬ ናቸው፣ ለዚህ ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ከፍያለሁ።

አገጭ። ሶፍቶቼ የተለጠፉበት። የታችኛውን ከንፈር ወደ ውስጥ ጥርስ ላይ ጠቅልሉት፣ አገጩ ለጥ ይላል፣ ስለቱን ሙሉውን ሳይሆን ጫፉ አካባቢ ያለውን ሲሶ ብቻ ተጠቀሙ፣ አንድ ጊዜ የምትሄዱት ከአንድ ሴንቲሜትር አይብለጥ። አገጭ ክብ ነው፣ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሁሌ የሚነካው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ ረጅም ልሂድ ያለ ይቆረጣል። የላይ ከንፈር ላይ አፍንጫን ወደ ላይ ገፋ፣ ከንፈርን ወደ ታች ሳብ፣ በቃ።

አንድ ዙር በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ካማራችሁ አረፋ ደግማችሁ ወደ ጎን አግድም። ጥቅልል ፀጉር ያላችሁ ሶስተኛውን፣ ተቃራኒውን ዙር ተዉት። ለስላሳ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ከሶስት ቀን በኋላ ግን አንገታችሁ ይነግራችኋል።

ስለ ብርድ ሳልናገር አላልፍም ምክንያቱም ማንም የማይነግራችሁ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ኅዳርና ታህሳስ ውርጭ ሳሩን ነጭ አድርጎት ነው የሚያድረው፣ በዛ ጠዋት ጣታችሁ የእናንተ አይደለም። የደነዘዘ ጣት የሚይዘውን አይሰማም፣ ስለማይሰማ ይጨብጣል፣ እዛው ችግር ላይ መለሰን ማለት ነው። እኔ አሁን መጀመሪያ እጄን ነው የማሞቀው፣ ከፔርሙሱ ሙቅ ውሃ ሳፋ ላይ አድርጌ ሁለቱንም እጄን ደቂቃ ያህል እነክራለሁ፣ ከዛ ነው ፎጣውን ነክሬ ፊቴ ላይ የማደርገው። (ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ የፈላ ነው ብላችሁ ብዙ አታስቀምጡት፣ ለፊት ግን ያው ያቃጥላል፣ በእጃችሁ ለኩት።) አየሩ ደረቅ ስለሆነ አረፋውም ቶሎ ይደርቃል፣ ፊታችሁን ሙሉ ቀብታችሁ አትጀምሩ፣ ግማሽ ግማሽ አድርጉት፣ የደረቀ አረፋ ላይ ምላጭ ይንቀጠቀጣል።

በስራ ምክንያት ሸዋ ሮቢት ሳይት ላይ ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር፣ እዛ ደሞ በተቃራኒው። ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬት አውልቃችሁ የምትደርሱበት አገር ነው፣ ላብ ነው፣ ቆዳው ይንሸራተታል፣ ባዶው እጄ የሚይዘው አጣ። ቆዳው ካልተያዘ ደሞ ያው ታውቃላችሁ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የሚወጥረው እጅ ሁሌ ደረቅ መሆን አለበት፣ ትከሻችሁ ላይ ደረቅ ፎጣ ጣል አድርጉ፣ በየመሀሉ ጣታችሁን ጥረጉ፣ አልሆን ካለ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ በጣታችሁና በቆዳው መሀል አድርጋችሁ ሳቡት፣ አይንሸራተትም። ደሞም የምትወጥሩበት ቦታ ላይ አረፋ አታድርጉ።

ምላጩ ከእጃችሁ ከወደቀ አትቅለቡት። እግራችሁን አንስታችሁ ዞር በሉ፣ ይውደቅ። እኔ የቀለብኩ ቀን መዳፌ ላይ የሆነውን አልነግራችሁም።

የሚታጠፈውን ምላጭ ከመላጨት በፊት የቆዳ ቀበቶ ላይ ማንሸራተት የግድ ነው። እኔ የድሮ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ በር ላይ ሚስማር መትቼ አንጠልጥዬዋለሁ፣ ወጠር አድርጌ ይዤ 40 ወይ 50 ጊዜ እመላልሰዋለሁ። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፣ ጫፍ ላይ ስትደርሱ በጀርባው ነው የምትገለብጡት፣ በስለቱ ከገለበጣችሁት ቀበቶውም ምላጩም አለቀ፣ የኔ የመጀመሪያ ቀበቶ አሁን አጭር ነው። ስትጨርሱ ምላጩን በደንብ አድርቁ፣ መታጠፊያው ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ከዛ ነው ዝገት የሚጀምረው፣ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉ።

እና ያልኳችሁ፣ ምላጭ አታበድሩ። ታናሽ ወንድሜ "አንድ ቀን ብቻ" ሲለኝ ምላጭ የሚቀየርበትን መያዣ አዲስ ምላጭ ፈትቼ ሰጠሁት፣ ተቀየመኝ፣ ይቀየም። ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ደርቆ በሚቀር ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ደሙ ደሞ በአይን ላይታይ ይችላል። አያቴ ያኔ አታውቅም ነበር፣ እኛ እናውቃለን።

ባለፈው ለፋሲካ መዘዞ ሄጄ ጋሽዬ ጢሙ አድጎ አገኘሁት፣ እጁ ብሶበታል፣ ልጆቹ በመቀስ ነው የሚከረክሙት። "ላጨኝ እስቲ፣ ምላጬን ምን እንዳደረግከው ልየው" አለኝ። ፈራሁ። የሌላ ሰው ፊት ላይ ሁሉም ነገር ይዞራል፣ መስታወት የለም፣ ከፊት ለፊቱ ነው የምትቆሙት፣ ስለዚህ የሱ ቀኝ ጉንጭ ላይ የራሴን የግራ ጉንጭ አያያዝ ልይዝ ስል እየተምታታብኝ ሶስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩ። የራሱ ብቻ የሆነ አዲስ ምላጭ የገባበት መያዣ ነው የያዝኩት፣ የድሮውን እኔ ስለተላጨሁበት አልሞከርኩም፣ እሱም ትንሽ ቅር ብሎታል። ፀሀይ ላይ በርጩማ አወጣን፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ቆዳው እንደኔ አይደለም፣ ተሸብሽቧል፣ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል ይመጣል አያልቅም፣ በሁለት ጣት አልበቃ ሲለኝ መዳፌን ሙሉ ጆሮው ላይ አድርጌ ፊቱን በሙሉ ወደ ኋላ ጎተትኩት፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ፣ አንድ አይኑን መጨፈን አቃተው።

"አሁንስ እናቴን መሰልከኝ" አለ።

አልቆረጥኩትም። ስጨርስ በሚንቀጠቀጥ እጁ ጉንጩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰና ከመንጋጋው ስር ቆም ብሎ "እዚችጋ ቀርታለች" አለኝ። አይቼ ነበር፣ እዛጋ ቆዳው በምንም ተአምር አልወጠር አለኝ።

"ተዋት ጋሽዬ፣ ለዘር ትሁን" አልኩት።